እህሉ ቢለወጥ እርሾው ይጸናል፦ በውጭ አገር በኢትዮጵያውያን ማዕድ ቤት ምትክ የሚመረጥበት ሥርዓት

ስለ ስደት ኑሮ ሲነገር ምግብ ዘወትር ከናፍቆት ጋር ይያያዛል። በአገር ቤት የሚበላው እንደ ዋና፣ በባዕድ ምድር የሚበስለው ደግሞ እንደ ጎደሎ ቅጂ ይቆጠራል፤ «የዚያ አገር እንጀራ እንጀራ አይደለም» የሚለው ቃልም ከእንግዳውም ሆነ ከባለቤቱ አፍ አይጠፋም። አባባሉ ለማዕድ ጨዋታ ይበቃ ይሆናል። የጥናት መነሻ ሲሆን ግን ሁለት ነገሮችን ይጋርዳል። በአገር ቤትም ቢሆን እንጀራ አንድ ወጥ አለመሆኑን ያስረሳል፤ በውጭ አገር የምታበስለው ሴት፣ ዛሬ ዛሬም ወንዱ፣ የጎደለውን በሌላ ሲተኩ የሚከተሉት ሥርዓት እንዳይታይ ያደርጋል።

ይህ ጽሑፍ የሚያቀርበው ክርክር ምትክ በዘፈቀደ አይመረጥም የሚል ነው። አብሳዩ ሁሉንም ማግኘት ሲሳነው ቀድሞ የሚለቀው እህሉን ነው፤ ቀጥሎ የማብሰያ ዕቃውን። እርሾውንና እርሾው የሚያስገኘውን ኮምጣጣነትና ዓይን ግን እስከ መጨረሻው ይዞ ይቆያል። ቅደም ተከተሉ ለባህል አጥኚ ብቻ የሚጠቅም አይደለም፤ ወደ ኋላ እንደሚታየው ለሥነ ምግብ ተመራማሪና ለሐኪምም ጉዳዩ ነው። መረጃው የተወሰደው ከታተሙ ጥናቶች፣ ከሕግ ሰነዶችና በአደባባይ ከሚታይ የገበያ ልማድ ነው። ትኩረቱ በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢዋ ሲሆን እስራኤልና የዐረብ አገሮች ለንጽጽር ይነሣሉ። በጽሑፉ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቡኮው ምን ያደርጋል?

ክርክሩን ለመመዘን አስቀድሞ እንጀራ እንዴት እንጀራ እንደሚሆን ማስታወስ ያሻል። የጤፍ ዱቄት በውኃ ተቦክቶ ካለፈው ቡኮ የተረፈ እርሾ ይጨመርበታል። እርሾው በቡኮው ላይ የሚያቅረው ቢጫማ ውኃ ሲሆን ሕያዋን ጥቃቅን ተሕዋስያንን የያዘ ነው። በ1962 በኢኮኖሚክ ቦታኒ መጽሔት የታተመው የስቴዋርትና የአስናቀ ጥናት በቡኮው ውስጥ የሚሠራውን የእርሾ ፈንገስ ለይቶ ለማወቅ ከተደረጉት ቀደምት ሙከራዎች አንዱ ነው። ኋላ የተደረጉ ምርምሮች ደግሞ ኮምጣጣነቱን የሚያመጡት በዋናነት የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች መሆናቸውን አሳይተዋል። ሁለት ወይም ሦስት ቀን ከቦካ በኋላ ከላይ ያቀረረው ውኃ ይደፋና ከሊጡ ጥቂት ተቀንሶ በውኃ ይበስላል፤ ይህም አብሲት ይባላል። አብሲቱ ቀዝቀዝ ብሎ ወደ ሊጡ ሲመለስ ሊጡ ዳግመኛ ኩፍ ይላል።

የአብሲት ሥራ ብዙ ጊዜ በቸልታ ይታለፋል። ጤፍ የስንዴን ዳቦ አየር እንዲይዝ የሚያደርገው ግሉተን የሚባለው ፕሮቲን የለውም። አየሩን ለጥቂት ጊዜ አቅፎ የሚያቆየው በአብሲቱ የበሰለው የወፈረ ስታርች ነው። ሊጡ በጋለው ምጣድ ላይ ሲዘረጋ አየሩና እንፋሎቱ ወደ ላይ ፈንቅለው ይወጣሉ፤ መውጫቸውም ዓይን ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ዓይን ለጌጥ ያለ ነገር አይደለም። ቡኮው በቅጡ ለመቡካቱ፣ አብሲቱም በልክ ለመሆኑ የሚታይ ማስረጃ ነው። እናቶች የሰው ቤት እንጀራ ሲቀርብላቸው ከመቅመሳቸው በፊት ዓይኑን የሚያዩት ያለ ምክንያት አይደለም።

ይህ ሁሉ በጤፍ ብቻ የሚሆን አይደለም። በሐረርጌና በወሎ ቆላዎች የማሽላ እንጀራ፣ በደጋው የገብስ፣ በሌላውም አካባቢ የበቆሎና የዳጉሳ እንጀራ ከጥንት ጀምሮ ይጋገራል። በአዲስ አበባም ጤፍ ሲወደድ ሩዝ መቀላቀል የተለመደ ሆኗል። በእነዚህ ሁሉ መካከል የጋራ የሆነው እህሉ ሳይሆን አሠራሩ ነው፤ ማቡካቱ፣ ማቅጠኑ፣ ከድኖ በአንድ ወገን ብቻ መጋገሩ። በውጭ አገር የሆነውም የዚሁ ልማድ ቅጥያ ነው ማለት ይቻላል።

ዱቄቱና ምጣዱ

ከ1974ቱ አብዮት በኋላ፣ በተለይም የ1980ው የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ ከወጣ ወዲህ ወደ አሜሪካ የገቡት ኢትዮጵያውያን በገበያው ጤፍ አላገኙም። ያገኙት የስንዴ፣ የገብስ፣ የበቆሎና የሩዝ ዱቄት፣ እንዲሁም ቤኪንግ ፓውደርና ጨው ገብቶበት የሚሸጠውን፣ ራሱን በራሱ የሚያነሣ የስንዴ ዱቄት ነው። ይህ የመጨረሻው በብዙ ቤት ሥር ሰደደ። ምክንያቱም ዓይን ያወጣል። ቸኩሎ የሚጋግር ሰው በጋዝ ውኃ አቅጥኖት በዚያው ቀን ሊያሰፋው ይችላል።

እዚህ ላይ ለክርክሩ ፈተና የሚሆን ጥያቄ ይነሣል። በጋዝ ውኃ የተሠራ እንጀራ እርሾውን ጥሎ የለምን? በእርግጥ ጥሏል። ነገር ግን ሁለት ነገሮች ልብ ሊባሉ ይገባል። የችኮላው እንጀራ አሠራር ብዙ ጊዜ ሎሚ ወይም ኮምጣጤ ይጨምራል፤ እርሾው ባይኖርም ጣዕሙ ይፈለጋልና። ከዚህም ሌላ ብዙዎች ይህንኑ ዱቄት በእርሾ ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን አቡክተው ነው የሚጋግሩት። በቤኪንግ ፓውደር ለሚነሣ ዱቄት ማቡካት በምግብ ኬሚስትሪ ዓይን ትርፍ ድካም ሊመስል ይችላል። ድካሙ የሚከፈለው ግን አየር ለማግኘት ሳይሆን እንጀራው እንጀራ እንዲሸት ነው።

ስንዴ የራሱን ችግር ያመጣል። ግሉተኑ ሊጡን ያለጥጠዋል፤ አብዝቶ የተመታ የስንዴ ሊጥ እንደ ላስቲክ የሚሳብ፣ ዓይኑ የደቀቀ እንጀራ ይወጣዋል። በዚህ የተነሣ ልምድ ያላት ጋጋሪ ገብስ ወይም ሩዝ ቀላቅላ ሊጡን ታላላዋለች። በክረምት ብርድ ቡኮው ስለሚዘገይ ከማሞቂያው አጠገብ ይቀመጣል፤ ወይም ምድጃው ሳይለኮስ መብራቱ ብቻ በርቶ በውስጡ ያድራል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ትገኛለች፤ ውኃም በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይፈላል። ዋሽንግተን ከባሕር ጠለል እምብዛም ከፍ አትልም። ምስር ክክ እዚያ በቶሎ የሚፈርሰው አብሳዩ ስለ ሰነፈ አይደለም።

የምጣዱ ጉዳይ ደግሞ ከሁሉ ያስገርማል። የሸክላው ምጣድ ከ55 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት አለው፤ ለአፓርታማ ምድጃም ሆነ ለመንገደኛ ሻንጣ አይመችም። በአሜሪካ የኢትዮጵያውያንና የኤርትራውያን ቤቶች ቦታውን ከያዙት ዕቃዎች አንዱ በአይዋ ግዛት ቤታኒ ሃውስዌርስ የተባለ ድርጅት የሚሠራው ክብ የኤሌክትሪክ መጋገሪያ ነው። ስፋቱ 16 ኢንች፣ ማለትም 40 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። መጋገሪያው የተሠራው ለእንጀራ ሳይሆን ከኖርዌይ የመጡ ሰፋሪዎች ለፍሰ ለሚሉት ስስ የድንች ቂጣ ነው። አንዱ ስደተኛ ሕዝብ ለናፍቆቱ ያሠራውን ዕቃ ሌላው ስደተኛ ሕዝብ ወረሰው ማለት ነው። ኖርዌዮቹ ቂጣቸውን ያገላብጡታል እንጂ አይከድኑትም፤ በመሆኑም አክንባሎው ለብቻ መፈለግ ነበረበት፤ የድስት ክዳንም ቢሆን ይገባበታል። የእንጀራው ስፋት ቢቀንስም ማንም «ይህ እንጀራ አይደለም» አላለም። ስፋት በቀላሉ ከሚለቀቁት ነገሮች ውስጥ ነው።

የስም ወጥመድ በቅመም መደርደሪያ

የቅመሙ ነገር ከዱቄቱ ይለያል፤ በዚህ ስፍራ አስቸጋሪው ዕቃው አለመኖሩ ሳይሆን ስሙ ነው። የኢትዮጵያ ሱቅ በሌለበት ከተማ ሸማቹ የሚሄደው ወደ ሕንድ ሱቅ ነው፤ አብሽም፣ እርድም፣ ምስር ክክም፣ የተነጠረ ቅቤም እዚያ አሉና። ነገር ግን ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ፣ ከእንግሊዝኛ ወደ ሂንዲ የሚደረገው ጉዞ አሳሳች ነው። «አዝሙድ» ብዙ ጊዜ ከሙን ተብሎ ይተረጎማል፤ ሆኖም ነጭ አዝሙድ ከሙን አይደለም፤ ሕንዶች አጅዋይን የሚሉት ዘር ነው። ጥቁር አዝሙድ ደግሞ ቃል በቃል ሲተረጎም «ጥቁር ከሙን» ይሆናል። በሕንድ ሱቅ በዚህ ስም የሚጠራው ካላ ጂራ ሌላ ተክል ነው፤ የሚፈለገው ካሎንጂ የሚባለው ነው። በርበሬዋን በካላ ጂራ ያስፈጨች ሴት ጥፋቷ የቋንቋ እንጂ የሙያ አይደለም።

ኮረሪማ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካዎች የሚገኝ የዝንጅብል ወገን ነው። ሔል የቅርብ ዘመዱ ስለሆነ በቡናም በበርበሬም ቦታውን ይሸፍንለታል፤ ሽታው ግን ይሳሳል፣ ጢሳምነቱም ይቀራል። ኮሰረት ሲመጣ መተካት ራሱ ይቆማል። ቅቤ ማንጠር ካለ ኮሰረትና በሶብላ የማይታሰብ ለሆነበት ቤት በየትኛውም አገር መደርደሪያ ተመጣጣኝ የለም። ለዚህ ነው ከአገር ቤት በሚመጣ መንገደኛ ሻንጣ ውስጥ ከሹሮና ከበርበሬ አጠገብ ቀላል የሆነ የደረቀ ቅጠል በትንሽ ፌስታል ታስሮ የሚገኘው። የሻንጣው ይዘት ምን ሊተካ እንደማይችል የሚናገር ዝርዝር ነው፤ አጥኚዎችም እንደ ሰነድ ቢያነቡት ያተርፋሉ። ዝርዝሩ በሕግም ይቀረጻል፤ የአውሮፓ ኅብረት መንገደኞች ከሌሎች አገሮች ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይዘው እንዳይገቡ ስለሚከለክል ቋንጣና ቅቤ ወደዚያ በሚሄድ ሻንጣ ቦታ የላቸውም። ድርቆሽ ግን ያልፋል፤ ከቀድሞም ለመንገድ የተፈጠረ ነው።

ስለ ዶሮ ወጥ አንድ ነገር ብቻ ይነሣ። የአገር ቤት ዶሮ ጠንካራ በመሆኑ በቁሌቱ ውስጥ ረጅም ጊዜ ይንተከተካል። የአሜሪካ የፋብሪካ ዶሮ በግማሽ ሰዓት ሊፈርስ ይችላል። ስለዚህ ቁሌቱ ብቻውን ለሰዓታት ይበስልና ዶሮው በመጨረሻ ይገባል። ቅደም ተከተሉ ተለወጠ፤ የሽንኩርቱ ትዕግሥት አልተለወጠም። ከዚህ በላይ ያስቸገረው የጭስ ጠቋሚው ጩኸት ሳይሆን አይቀርም፤ በቁሌት ሰዓትም፣ ቡና ሲቆላም።

እህሉና ሕጉ

ጤፍ በአሜሪካ ምድር እንዲበቅል ካደረጉት ሰዎች ቀዳሚው ዌይን ካርልሰን ነው። በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ ሠርቶ የተመለሰ ሲሆን በአይዳሆ ግዛት በስኔክ ወንዝ ሸለቆ ጤፍ ማምረት ጀመረ፤ ደንበኞቹም በዋናነት ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ሆኑ። የኢትዮጵያ መንግሥት በ2006 የጤፍ እህል ወደ ውጭ እንዳይላክ ሲከለክል በውጭ የሚመረተው ጤፍ አስፈላጊነት ጎላ። የክልከላው ምክንያት የአገር ውስጥ ዋጋ መናር ነበር። የተጋገረ እንጀራ ግን አልተከለከለም፤ በመሆኑም እንጀራ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተጭኖ ወደ አውሮፓና አሜሪካ ይሄድ ጀመር። እንጀራ ሳይሻግት የሚቆየው ጥቂት ቀናት ብቻ ስለሆነ ይህ ንግድ ከሰዓት ጋር የሚደረግ ሩጫ ነው።

በዚሁ ዘመን የጤፍ ባለቤትነት ለፍርድ ቤት የሚበቃ ጉዳይ ሆነ። በ2005 የኢትዮጵያ የብዝኀ ሕይወትና የግብርና ምርምር ተቋማት ከአንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ጋር የጤፍ ዘር አጠቃቀምና የጥቅም ክፍፍል ስምምነት ተፈራረሙ። በ2007 ለጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት የአውሮፓ የፈጠራ መብት ተሰጠ። ኩባንያው በ2009 ከሰረ፤ ኢትዮጵያም ከስምምነቱ የጠበቀችውን አላገኘችም። መብቱ ግን በሌሎች እጅ ቀጠለ። በኅዳር 2018 የሄግ ፍርድ ቤት መብቱ በኔዘርላንድ ዋጋ እንደሌለው ወሰነ። ምክንያቱም የፈጠራ ደረጃ የሚያሰጠው አዲስ ነገር አለመገኘቱ ነው።

ለዚህ ጽሑፍ ጭብጥ ከክርክሩ ውጤት ይልቅ የክርክሩ ቦታ ያስተምራል። ነጋዴው፣ መንግሥትና ዳኛው የተሟገቱት በእህሉና በዱቄቱ ላይ ነው። በዋሽንግተን አፓርታማ ውስጥ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት በማሰሮ የሚተላለፈው እርሾ የማንም መዝገብ አላወቀውም፤ የሚሸጥበትም ዋጋ አልወጣለትም።

ማዕድ ቤቱ የሌላ ሰው ሲሆን

እስካሁን የተባለው ሁሉ አብሳይዋ የራሷ ምድጃ እንዳላት በማሰብ ነው። በዐረብ አገሮች በሰው ቤት ተቀጥረው ለሚኖሩት ብዙ ኢትዮጵያውያን ሴቶች ይህ አይሠራም። ቀኑን ሙሉ በማዕድ ቤት ይውላሉ፤ ማዕድ ቤቱ ግን የእነርሱ አይደለም። ሦስት ቀን የሚቦካና የሚሸት ሊጥ በአሠሪ ቤት ማስቀመጥ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ፈቃዱም ሁልጊዜ አይገኝም። እዚህ እርሾው የሚቋረጠው በእህል እጦት ሳይሆን በቦታ እጦት ነው። በቤይሩት ዶራና ቡርጅ ሐሙድ በተባሉ ሰፈሮች እሑድ እሑድ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች የሚሞሉት ስለዚህ ነው፤ የዕረፍት ቀን የተፈቀደላት ሴት በሳምንት አንድ ጊዜ ለመብላት ብቻ ሳይሆን የምትበላውን ራሷ ለመምረጥ ትሄዳለች። የዕረፍት ቀን የተከለከለችው በዚህ ሥዕል ውስጥ አትታይም፤ በሬስቶራንትና በሱቅ ላይ ብቻ የሚያተኩር ጥናትም አያገኛትም።

የቤተ እስራኤል ታሪክ ሌላ መልክ አለው። በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ሰዎች በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ወደ እስራኤል ሲወሰዱ ብዙዎቹ በመጀመሪያ ያረፉት በሆቴሎችና በጊዜያዊ መኖሪያዎች ነው። የሆቴል ክፍል ምድጃ የለውም፤ የሚበላውም የቀረበው ነው። ኋላ የራሳቸው ቤት ሲኖራቸው በነጭ የስንዴ ዱቄት ጋገሩ፤ ጤፍም ከጊዜ በኋላ በገበያ ተገኘ። በኮሸር ሕግ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ስለማይቀላቀሉ በእስራኤል የኮሸር ምግብ ቤቶች ዶሮ ወጥ የሚሠራው በዘይት ነው። ከአገር ሲወጡ እምብዛም ያልነበረባቸው የስኳር በሽታ ከጥቂት ዓመታት ኑሮ በኋላ በመካከላቸው መበርከቱን የእስራኤል ሐኪሞች ከ1980ዎቹ ጀምሮ ዘግበዋል። ምክንያቱ አንድ እንዳልሆነ ግልጽ ነው፤ የሥራና የእግር ጉዞ መለወጥም አለበት። ነገር ግን ለውጡን በምግብ በኩል ለመመርመር የሚነሣ ሰው የሚጋገረው «እንጀራ» ስሙን ይዞ ውስጡን እንደ ለወጠ ካላወቀ ገና ከመነሻው ይሳሳታል።

አንድ ስም፣ ብዙ ዱቄት

ችግሩ በመጠይቅ ላይ ጎልቶ ይታያል። የአመጋገብ ጥናት ተሳታፊውን ትናንት ምን እንደ በላ ይጠይቃል፤ «ሁለት እንጀራ» የሚለው መልስም በምግብ ይዘት ሰንጠረዥ ላይ ካለው የጤፍ እንጀራ ጋር ይመሳከራል። በአሌክሳንድሪያ ወይም በሲልቨር ስፕሪንግ ሱቅ በፕላስቲክ ታሽጎ ከገንዘብ ተቀባዩ አጠገብ የተደረደረው እንጀራ ግን ንጹሕ ጤፍ፣ የጤፍና የገብስ ቅልቅል፣ ወይም በአብዛኛው ስንዴ ሊሆን ይችላል። በአሜሪካ በልጽጎ የሚሸጥ የስንዴ ዱቄት ብረት ይጨመርበታል፤ ከ1998 ጀምሮም ፎሊክ አሲድ ግዴታ ሆኖበታል። የጤፍ ብረት ደግሞ በእህሉ ውስጥ ካለው ፋይቴት ጋር የተያያዘ ሲሆን ማቡካቱ ፋይቴቱን ስለሚቀንስ የቡኮው ቀን ብዛት ለሰውነት የሚደርሰውን መጠን ይነካል። በአንድ መለያ ቁጥር የተመዘገቡ ሁለት ነፍሰ ጡሮች ፈጽሞ የተለያየ ነገር በልተው ሊሆን ይችላል።

ከዚህ የባሰው የሲሊያክ ሕመም ጉዳይ ነው። ይህ ሕመም ያለበት ሰው ግሉተን የያዘ ምግብ ጥቂትም ቢሆን አንጀቱን ይጎዳዋል። «እንጀራ ከጤፍ ነው፣ ጤፍም ግሉተን የለውም» የሚለው እውነት በዲሲ ሱቅ በር ላይ እውነትነቱን ሊያጣ ይችላል፤ ገብስም ስንዴም በቅልቅሉ አሉና። ዓይኑ አይመሰክርም፤ ስንዴውም ዓይን ያወጣል። ቀለሙም አይመሰክርም፤ ገብስ ያጠቆረው ስንዴ ሰርገኛ ጤፍ ይመስላል።

ስለዚህ በመጠይቁ ላይ «እንጀራ በልተዋል?» ከሚለው ቀጥሎ ሦስት ጥያቄዎች ሊገቡ ይገባል፦ ዱቄቱ ምንና ምን ነው? ስንት ቀን ቦካ? በእርሾ ነው ወይስ ራሱን በሚያነሣ ዱቄት? የገዛ ሰው የመጀመሪያውን ከማሸጊያው ላይ ካላነበበ ላያውቀው ይችላል፤ የጋገረ ሰው ግን ሦስቱንም ሳያመነታ ይመልሳል፤ እርሾውን ከማን እንደ ተቀበለም ጭምር።